ያለ አፈር የሚራባው የሥር ረዳት



የተራቆተውን የአቀስታን ጋራ ጥድና ወይራ እናልብሰው ስንል፥ ከመሬት በታች ያለውን ረዳታቸውን አንርሳ፤ እርሱም ከሥር ጋር የሚኖር ደቂቅ ፈንገስ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ አልበርት ፍራንክ የሥርንና የፈንገስን ኅብረት በ1885 እ.ኤ.አ. «ማይኮራይዛ» አለው። ፈንገሱ እንደ ክር ተዘርግቶ ሥር ከማይደርስበት ፎስፎረስ ያመጣል፤ ተክሉም ስኳር ይከፍለዋል።

ይህ ፈንገስ ሕይወት ካለው ሥር ተለይቶ እንደ እርሾ አይራባም። ከማሳ የተዘገነ አፈርም በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ መንገዱ ታጥቦ በተቀቀለ አሸዋ ላይ ገብስ ዘርቶ፥ ንጹሕ የፈንገስ ዘር ጨምሮ፥ የተክል ምግብ የተበጠበጠበትን ውኃ ማጠጣት ነው። ፎስፎረሱ ግን ይቆጠብ፤ የጠገበ ተክል ረዳቱን ቸል ይላልና። ከጥቂት ወራት በኋላ ሥሩና አሸዋው ራሱ ዘር ሆኖ ለችግኙ ይጨመራል።

እንግዲህ ችግኛችንን ወደ ጋራው ስንሰድ ያለ ረዳት አንስደደው።