ጃክ ድሮም ስም አይዝም ነበር



ለነርሶች ምረቃ የስፖርት ጋዜጠኛ መጋበዙ ግር ያላችሁ አትጠፉም። የኮሌጁ ሰዎች የፈለጉት ስለ አዛውንቶች እንክብካቤ እንዲወራ ነው። የስፖርት ጋዜጠኛ ደግሞ ምንም ጠይቁት፣ ዞሮ ዞሮ የሚገባው ኳስ ሜዳ ነው። እናም የዛሬው እንግዳ ይዞላችሁ የመጣው የአንድ አሰልጣኝ ታሪክ ነው፤ የጃክ ቻርልተን። አንቱታው ይቅር። በሕይወት ሳለም ደጋፊዎቹ «ጃክ» እንጂ «ሚስተር ቻርልተን» አላሉትም።

ጃክ እ.ኤ.አ. በ1935 አሺንግተን በምትባል የሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የከሰል ከተማ ተወለደ። አባቱ ከሰል ቆፋሪ ነበር። እሱም በ15 ዓመቱ ማዕድን ማውጫው ውስጥ ሥራ ጀምሮ ብዙ ሳይቆይ ጥሎት ወጣና ሊድስ ዩናይትድ ገባ፤ ተጫዋች ሆኖ ሌላ ክለብ አላየም። ለሊድስ 773 ጊዜ ተሰልፏል። በ1966 ከታናሽ ወንድሙ ከቦቢ ጋር የዓለም ዋንጫ አንስቷል። ረጅም የመሀል ተከላካይ ስለነበር ዋና ሥራው ከአየር የሚመጣን ኳስ በቴስታ መመለስ ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

በ1986 የአየርላንድ ሪፐብሊክ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሆኖ ተሾመ። አየርላንድና እንግሊዝ የዘመናት ቁርሾ አላቸው፤ ያኔ ደግሞ በሰሜን አየርላንድ በየጊዜው ደም ይፈስ ነበር። በዚያ ሰዓት ቡድኑን የያዘው የመጀመሪያው የውጭ ሰው እንግሊዛዊ ሆኖ ቁጭ አለ። ያጉረመረመ ብዙ ነው። አየርላንድ እስከዚያ ድረስ በአንድም ትልቅ ውድድር ላይ ተሳትፋ አታውቅም ነበር። በ1988 ግን በአውሮፓ ዋንጫ፣ ሽቱትጋርት ላይ፣ ራሷን እንግሊዝን 1 ለ 0 አሸነፈች። ሬይ ሃውተን ጎሏን በቴስታ ያስቆጠረው ገና በ6ኛው ደቂቃ ነው፤ የቀረው ሰዓት ለአየርላንዳውያን እንዴት እንዳለፈ ኳስ የምትወዱ ሁሉ ታውቁታላችሁ።

ከዚያ 1990 መጣ፣ የጣሊያኑ የዓለም ዋንጫ። አየርላንድ ሩብ ፍጻሜ የደረሰችው በመደበኛው ሰዓት አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ ነው። በ5 ጨዋታ ያገባችው 2 ጎል ብቻ ነው። ሮማኒያን በፍጹም ቅጣት ምት ጣለች፤ ሮም ላይ በጣሊያኑ ስኪላቺ ጎል ተሸኘች። ቀደም ሲል ከግብፅ ጋር 0 ለ 0 ከወጡ በኋላማ የቴሌቪዥን ተንታኙ ኢሞን ደንፊ በንዴት እስክሪብቶውን ወርውሯል። እውነቱን ለመናገር ደንፊ አልተሳሳተም፤ ያ ጨዋታ ለዓይን የሚመች አልነበረም። ሕዝቡ ግን የውበት ጥያቄ አላነሳም። ቡድኑ ደብሊን ሲገባ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው አደባባይ ወጣ። በዚያው ቀን፣ ከእስር ከወጡ 5 ወር ያልሞላቸው ኔልሰን ማንዴላም ደብሊን ነበሩ። ሕዝቡ ለተከላካዩ ለፖል መግራዝ የሚዘምረውን ዜማ ወደ ማንዴላ አዙሮ የመግራዝ አባት አደረጋቸው እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል።

ፖል መግራዝን ሳያነሱ የጃክን ታሪክ መጨረስ አይቻልም። አባቱ ናይጄሪያዊ፣ እናቱ አየርላንዳዊት፣ ያደገው በደብሊን የሕፃናት ማሳደጊያዎች ውስጥ ነው። ጉልበቱ በቀዶ ጥገና ብዛት አልቆ ነበር፤ መጠጥም ይፈትነው ነበር። በመጠጥ ምክንያት ከጨዋታ ሲቀር ጃክ ለጋዜጠኞች «ጉልበቱን አሞት ነው» ይላቸዋል። እንዲህ የሚሸፍንለት ሰው ግን የመግራዝን ስም እንኳ በቅጡ አይዝም ነበር፤ መጀመሪያ ላይ በሌላ ስም ይጠራው ነበር። የሌሎቹንም ስም እየቀላቀለ ተጫዋቾቹን በሳቅ ያፈርሳቸዋል። ያኔ ሕመም አልነበረበትም፤ ዐመሉ ነው። ጃክ ድሮም ስም አይዝም ነበር።

አየርላንዳውያን ለዚህ ሰው የነበራቸው ፍቅር በአንድ ወሬ ይገባችኋል። ጃክ ዓሣ ማጥመድ ስለሚወድ በምዕራብ አየርላንድ ወንዞች ዳር ብዙ ጊዜ ያሳልፍ ነበር። መጠጥ ቤት ሲገባ ሒሳቡን በቼክ ይከፍላል። ለምን ቢሉ፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ቼኩን ባንክ ወስዶ አይመነዝረውም፤ ፊርማውን በፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። በገንዘብ ጉዳይ ጠንቃቃ ነበር የሚባለው ጃክም ይህን አሳምሮ ያውቃል ይባላል። በ1995 መጨረሻ አንፊልድ ላይ ሆላንድ አየርላንድን 2 ለ 0 አሸንፋ ከአውሮፓ ዋንጫ ስታስቀራት፣ የተሸነፈው ቡድን ደጋፊ ስታዲየሙን ለቆ አልወጣም። ቆሞ እየዘመረ ጃክን ከመልበሻ ክፍል መልሶ አስወጣው። የመጨረሻ ጨዋታው ሳይሆን እንደማይቀር ገምተው ነበር። በዓመቱ አየርላንድ የክብር ዜግነት ሰጠችው። በ2015፣ 80 ዓመት ሞልቶት፣ አየርላንድና እንግሊዝ ደብሊን ላይ ሲጋጠሙ ስታዲየሙ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበለት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጃክ የመርሳት ሕመም፣ እናንተ ዴሜንሺያ የምትሉት፣ እንዳለበት ታወቀ። በመጨረሻዎቹ ወራቱ ቤተሰቡ የፊልም ባለሙያዎችን ቤቱ አስገባ፤ የተሠራው ዘጋቢ ፊልም በ2020 ወጣ። ፊልሙ ውስጥ ጃክ ኖርዘምበርላንድ በሚገኘው ቤቱ ተቀምጦ የራሱን ዘመን በስክሪን ያያል። በእጁ የጻፋቸው የድሮ ማስታወሻዎቹም ተገኝተዋል፤ ማን ማንን እንደሚይዝ፣ ኳሱ ወዴት እንደሚላክ። ከሚያየው ብዙው ጠፍቶበታል። መግራዝ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ግን ለየው። በደህና ቀኑ ስሙን ሲሳሳት የኖረውን ልጅ፣ ሌላው ሁሉ ከጠፋ በኋላ ለየው።

ተመራቂዎች፣ ይህን ከእንግዳው ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ለዴሜንሺያ ዋናው መንሥኤ አልዛይመር ነው፤ ከ10 ታማሚዎች የ6ቱ ወይም የ7ቱ ምክንያት እሱ እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። አልዛይመር ቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገር የምንመዘግብበትን ሂፖካምፐስ ነው። ስለዚህ ታማሚው ቁርስ መብላቱን ይረሳል፣ ከ30 ዓመት በፊት ያየውን ጨዋታ ያስታውሳል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ሲፈልጉ ያስታውሳሉ፣ ሳይፈልጉ ይረሳሉ» ብሎ ይቀየማል። ቅያሜው አለቦታው ነው፤ ይህን የሚያስረዳቸው ደግሞ ከእናንተ ሌላ ሰው ላይኖር ይችላል።

ስኮትላንዶች ከዚህ ተነሥተው ሥራ ሠርተዋል። የአገሪቱ የአልዛይመር ማኅበርና በግላስጎው ሃምፕደን ፓርክ የሚገኘው የእግር ኳስ ሙዚየም ተባብረው የኳስ ትዝታ ቡድኖች አቋቋሙ። አሠራሩ ቀላል ነው። ሽማግሌዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ የድሮ ተጫዋቾችና ጨዋታዎች ፎቶ ይሰጣቸዋል፤ አጠገባቸው ኳስ የሚያውቅ ሰው ይቀመጣል። ከዚያ ክርክር ይነሣል። ጎሏ ከጨዋታ ውጪ ነበረች፣ አልነበረችም፤ ዳኛው ሌባ ነው፣ አይደለም። ይህ በሽታውን አያድነውም፤ አንጎልንም አይጠግንም። ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ የዋለ ሰው ግን ለአንድ ሰዓት ተከራክሮ ወደ ቤቱ ይገባል። ለእንክብካቤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ያዙልኝ ወዳልናት ነገር እንመለስ፤ ወደ ቴስታ። እንግሊዝ የ1966ቱን ዋንጫ ስታነሣ ፍጻሜውን ከተጫወቱት 11 ሰዎች አምስቱ፣ ሬይ ዊልሰን፣ ማርቲን ፒተርስ፣ ኖቢ ስታይልስና ሁለቱ የቻርልተን ወንድማማቾች፣ በኋላ የመርሳት ሕመም ያዛቸው። በ2019 የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 7,676 የቀድሞ የስኮትላንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችን ከ23,000 ገደማ ሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጽረው፣ ተጫዋቾቹ በአንጎል መመናመን በሽታ የመሞት ዕድላቸው ሦስት ተኩል እጥፍ ያህል መሆኑን አገኙ። ከሁለት ዓመት በኋላ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸውን በሚጫወቱበት ቦታ ለይተው ሲያዩት የተከላካዮቹ አምስት እጥፍ ያህል ሆነ፤ ኳስ በቴስታ እምብዛም የማይነኩት የግብ ጠባቂዎች ግን ከሌላው ሰው የጎላ ልዩነት አላሳየም። ከዚህ ተነሥቶ «ጃክን ያሳመመው ኳስ ነው» ማለት አይቻልም፤ የብዙ ሰው ቁጥር የአንድን ሰው ሕመም ምክንያት አያረጋግጥም። ግን ዝም ብሎ የሚታለፍም አይደለም። በ2020 የእንግሊዝ፣ የስኮትላንድና የሰሜን አየርላንድ ፌዴሬሽኖች ከ12 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በልምምድ ላይ ቴስታ እንዳይሠሩ ወስነዋል። በእኛ ሰፈር ሜዳዎች ሕፃን ልጅ ደርዘን ቴስታ ሲደረድር «ጎበዝ!» ብለን እናጨበጭባለን። ሐሳቡ ለአሰልጣኞች ይድረስ።

ጃክ ቻርልተን ሐምሌ 10 ቀን 2020፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በ85 ዓመቱ ቤቱ ውስጥ አረፈ። ሊምፎማም ነበረበት። ጊዜው የኮቪድ ስለነበር ቀብሩ ላይ መገኘት የተፈቀደለት ጥቂት ሰው ነው። የአሺንግተን ሕዝብ ግን አስከሬኑ በከተማዋ ሲያልፍ መንገዱ ዳርና ዳር ተሰልፎ በጭብጨባ ሸኘው። ጃክ እነሱን መርሳቱን ያነሣ አልነበረም።

እዚህ አገር ነገሩ ምን ይመስላል? አባት ከቤት ወጥተው መንገድ ይጠፋባቸዋል፤ ቤተሰብ «እርጅና ነው» ይላል፣ ጎረቤት «ጃጁ» ይላል። ያ ሁሉ ሲሆን ጤና ጣቢያ የሚደርሱት ወድቀው ሲሰበሩ ነው። ያኔ የምታገኟቸው እናንተ ናችሁ፤ እግራቸውን ብቻ አክማችሁ አትስደዷቸው። ከመካከላችሁ ደግሞ ነገ ዋሽንግተን፣ ቤይሩት ወይም ቴል አቪቭ ሄዶ አዛውንት የሚንከባከብ ይኖራል፤ ብዙ የአገራችን ልጆች የሚተዳደሩት በዚሁ ሥራ ነው። ዋሽንግተን 40 ዓመት የኖሩ ኢትዮጵያዊ እናት ሕመሙ ሲጠናባቸው ዘግይቶ የተማሩት እንግሊዝኛ ሊለያቸው ይችላል። አማርኛቸው፣ ኦሮምኛቸው ወይም ትግርኛቸው ረዘም ላለ ጊዜ ሊቆይ ይችላል። የሐኪሙን ጥያቄ አልመለሱም ተብሎ የተጻፈባቸውን እናት «እንዴት አደሩ እማማ» ብሎ የሚያናግራቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ስለዚህ ልመናው አንድ ነው። የታካሚ ካርድ ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ ይጠይቃል፤ ሥራቸው ምን እንደነበር፣ ምን ይወዱ እንደነበር ግን ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። እናንተ ጠይቁ። ልጃቸውን፣ የልጅ ልጃቸውን፣ ያመጣቸውን ጎረቤት ጠይቁ። አናጺ ነበሩ? ዲያቆን? የጊዮርጊስ ደጋፊ ወይስ የቡና? ካርዱ ላይ ቦታ ከሌለው ከጀርባው ጻፉት፤ በሚቀጥለው ፈረቃ የምትገባው ነርስም ታንብበው።