ጥርስ ለምን ይበልዛል?

የዛሬው ንግግራችን «ለምን?» ስለምትባለው ትንሽ ቃል ነው። ፊደል ለይታችሁ ማንበብ የጀመራችሁ ሁሉ ይህን ጽሑፍ ቀስ ብላችሁ፣ መስመሩን በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡት። የከበዳችሁ ቃል ቢኖር ዝለሉትና ኋላ ተመለሱበት።

እስቲ በሐሳብ ሞጆ ደረቅ ወደብ እንሂድ። ከጅቡቲ በመኪናና በባቡር የመጣ ኮንቴይነር እዚያ ይወርዳል፤ ይፈተሻል፤ ቀረጥ ይከፈልበታል፤ ከዚያም ወደየባለቤቱ ይሄዳል። ባሕር የሌለው ወደብ ነው። ሁለት ጫኝና አውራጆች ምሳቸውን በልተው በተደራረበ ኮንቴይነር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል እንበል። አንደኛው ከጎጃም የመጣ ጎልማሳ ነው። ወደዚህ አገር የወረደው በሃያ አምስት ዓመቱ ሲሆን ከመጣ ዐሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል። ሁለተኛው ወጣት ነው፤ ተወልዶ ያደገው መቂ አጠገብ ነው። ወጣቱ ሲስቅ የፊት ጥርሶቹ በልዘው ይታያሉ።

«አንተ ልጅ፣ ይህን ጥርስህን መፋቂያ ነፍገኸዋል» ይላል ጎልማሳው።

«ኧረ ጋሼ፣ በቀን ሁለቴ ነው የምፍቀው! የሰፈራችን ልጅ ሁሉ እንዲህ ነው። ውኃው ነው ይሉናል።»

«ውኃው? እኔስ የዚህን አገር ውኃ ዐሥራ አምስት ዓመት ጠጥቼ የለም እንዴ? ይኸው ጥርሴ ነጭ ነው። ውኃው ቢሆን ኖሮ እኔን መቼ ይምረኝ ነበር!»

ወጣቱ ዝም አለ። መልስ አጣ። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? የጎልማሳው ክርክር ጠንካራ ይመስላል። ነገሩም የጨዋታ ነገር ብቻ አይደለም፤ ይህ ሰው እዚሁ የተወለደች የአንድ ዓመት ልጅ አለችው። እርሱ የሚጠጣውን ውኃ እርሷም ትጠጣለች። ክርክሩን እንደያዝን ትንሽ ዘወር ብለን እንመለስ።

በአማርኛ ለዚህ ጉዳይ ብዙ ቃላት አሉን። «ሰበብ» እንላለን፤ «ምክንያት» እንላለን፤ «መንሥኤ» እንላለን። ሰው ከሥራ ቀርቶ ሲያሳብብ «ምክንያት አታብዛ!» እንለዋለን፤ እዚህ ላይ ምክንያት ማለት ማምለጫ ነው። መንሥኤ ግን ነገሩን ያስነሣው ነው። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ዶሮ ይጮኻል፤ ከዚያ ይነጋል። በየቀኑ እንዲሁ ነው። ታዲያ የንጋት መንሥኤ የዶሮ ጩኸት ነው? ለፋሲካ የመንደሩ አውራ ዶሮ ሁሉ ቢታረድ እንኳ በማግስቱ መንጋቱ አይቀርም። ስለዚህ አንድ ነገር ሌላውን ስለ ቀደመ ብቻ፣ ወይም ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ስለ ታዩ ብቻ፣ የፊተኛው የኋለኛው መንሥኤ ነው ማለት አንችልም።

ይህን ጉዳይ ፈላስፎች አጥብቀው መርምረውታል። እ.ኤ.አ. ከ1711 እስከ 1776 የኖረው የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም፣ ዐይናችን የሚያየው አንዱ ነገር ሌላውን ሲከተል ብቻ ነው፤ ሁለቱን ያሠረውን ገመድ ግን አናየውም ብሏል። ከእርሱ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ አል ገዛሊ የተባለው የእስልምና ሊቅ ስለ እሳትና ስለ ጥጥ ተመሳሳይ ነገር ጽፎ ነበር፦ እሳት ጥጥን ሲነካ ጥጡ ሲቃጠል እናያለን እንጂ ያቃጠለው እሳቱ ራሱ መሆኑን አናይም። ነገሩ ለጊዜው እንግዳ ሊመስላችሁ ይችላል። ግን እንደ ታሸገ ኮንቴይነር አስቡት። ከውጭ የሚታየው ሣጥኑና ወረቀቱ ነው፤ ውስጡን ለማወቅ ፈታሹ መክፈት አለበት።

በምን ይከፈታል? ጆን ስቱዋርት ሚል የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1843 ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፍ የመክፈቻ ዘዴዎችን ዘርዝሯል። ዋናው የልዩነት ዘዴ ነው። ሁለት ቦታ ወይም ሁለት ጊዜ ፈልጉ፤ በሁሉም ነገር አንድ ይሁኑ፤ በአንድ ነገር ብቻ ይለያዩ። ውጤቱም ከተለያየ፣ መንሥኤው ያለው በዚያች ልዩነት ውስጥ ነው። ሌላው ዘዴ ደግሞ አብሮ መለዋወጥን ማየት ነው፤ አንዱ ሲበዛ ሌላውም ይበዛል? ሲያንስስ ያንሳል?

ሚልን ያላነበበች እናት ይህን በምጣድ ላይ ታውቀዋለች። እንጀራው ዐይን አላወጣ ሲላት ዱቄቱንም፣ እርሾውንም፣ አብሲቱንም በአንድ ቀን አትለውጥም። ሁሉን ባንዴ ከለወጠች የትኛው እንዳበላሸባት በምን ታውቃለች? ዛሬ እርሾውን ብቻ ትለውጣለች፤ ሌላው እንደነበረ ይቆያል።

አሁን ወደ ጥርስ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1901 ፍሬደሪክ ማኬይ የተባለ ወጣት የጥርስ ሐኪም በአሜሪካ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ወደምትባል ከተማ ሄደ። የከተማዋ ተወላጆች ብዙዎቹ ጥርሳቸው የበለዘ ነበር። አገሬው የየራሱን ይናገራል፤ አንዱ የአሳማ ሥጋ ስለምንበላ ነው ይላል፤ ሌላው ወተቱ ነው ይላል። ማኬይ ለብዙ ዓመታት አፍ ሲመለከት ኖረ። አንድ ነገርም አስተዋለ፦ በልጅነታቸው እዚያ የኖሩ ሰዎች ይበልዛሉ፤ አድገው ከሌላ አገር የመጡ ግን አይበልዙም።

ከዚያ በኋላ በአይዳሆ ግዛት ኦክሊ ከምትባል ትንሽ ከተማ ወላጆች ጠሩት። ከተማዋ ሞቅ ካለ ምንጭ ውኃ በቧንቧ ካስገባች ወዲህ የልጆቻቸው ጥርስ መበለዝ ጀምሯል። ማኬይ ውኃውን አስመረመረ፤ የሚያጠራጥር ነገር አልተገኘበትም። ሆኖም ያንን ቧንቧ ትታችሁ ከሌላ ምንጭ ጠጡ ብሎ መከራቸው። ሰሙት። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ ለታናናሾቹ ልጆች አዲስ የበቀለው ጥርስ ነጭ ሆነ። ሕዝቡ ያው፣ ምግቡ ያው፣ አየሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ውኃው ብቻ ነው። የልዩነት ዘዴ ማለት ይኸው ነው። ልብ በሉ፤ ማኬይ በውኃው ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ገና አላወቀም። መንሥኤው ያለበትን ቤት አገኘ እንጂ ስሙን አላወቀም። እኔ ከዚህ ታሪክ የሚበልጥብኝ ይህ ቦታ ነው፤ ሙሉውን እስክናውቅ ድረስ ልጆች ይጠብቁ ቢል ኖሮ ስንቱ ልጅ በበለዘ ነበር!

ስሙ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። በአርካንሳስ ግዛት ቦክሳይት በምትባል የአሉሚኒየም ማዕድን ከተማ የሕፃናት ጥርስ ይበልዝ ነበር፤ አምስት ማይል ያህል ርቆ ባለው መንደር ግን አይበልዝም። የአሉሚኒየም ኩባንያው ኬሚስት ቸርችል ጥፋቱ በኩባንያው ምርት እንዳይላከክ ሠግቶ ውኃውን በረቀቀ መሣሪያ አስመረመረ። የተገኘው አሉሚኒየም ሳይሆን ፍሎራይድ የተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ ያውም በብዛት። በዚያው ዓመት በአሪዞና ማርጋሬት ስሚዝና ባልደረቦቿ ጥርስ ከሚበለዝበት አገር የመጣ ውኃ እያወፈሩ ለአይጦች ቢያጠጡ የአይጦቹ ጥርስ ተበላሸ። ቀጥሎም ዲን የተባለ ሐኪም ብዙ ከተሞችን አወዳድሮ፣ በውኃው ያለው ፍሎራይድ በጨመረ መጠን መበለዙም እንደሚጨምር አሳየ። በመጠኑ ሲሆን ግን ፍሎራይድ ጥርስን ከመቦርቦር ይከላከላል። እንግዲህ «ፍሎራይድ ክፉ ነው» ብሎ መጨረስ አይቻልም፤ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ እኛን ምን ይመለከተናል? የእኛ ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ከመሬት በታች ያለው ውኃ በእሳተ ገሞራ ዐለትና ዐመድ መካከል ሲያልፍ ፍሎራይድ ያሟሟል፤ ካልሲየም የሚያንሰው ውኃ ደግሞ ፍሎራይዱን ይዞት ይቀራል። ስለዚህ ከወንጂ እስከ መቂ፣ እስከ ዝዋይና ከዚያም ወዲያ፣ የብዙ ጉድጓዶች ውኃ የዓለም የጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን ያልፋል። ወሰኑ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በሙቀት አገር ሰው ብዙ ስለሚጠጣ ወደ ሰውነቱ የሚገባውም ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ1987 ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ስለ ስምጥ ሸለቆው የፍሎራይድ በሽታ ያደረጉትን ጥናት አሳትመዋል። በወንጂ አካባቢ ለረጅም ዓመታት የጉድጓድ ውኃ ከጠጡ ሰዎች መካከል አጥንታቸው የደነደነ፣ ጀርባቸው የጎበጠ፣ እግራቸው የሰነፈ ተገኝተዋል። ጉዳቱ ጥርስ ላይ አይቆምም ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ኮንቴይነሩ ጥላ እንመለስና ለጎልማሳው መልስ እንስጥ። ጋሼ፣ የተናገሩት እውነት ነው፤ ውኃውን ጠጥተዋል፤ ጥርስዎም ነጭ ነው። ድምዳሜው ግን ከዚህ እውነት አይወጣም። የጥርስ ልባስ የሚሠራው በልጅነት፣ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ ነው፤ ሥራው እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ያልቃል። የእርስዎ ጥርስ የተሠራው ጎጃም ነው። ተሠርቶ ባለቀ ጥርስ ላይ ይህ ውኃ እንዲህ ያለ ብልዘት አያመጣም። ስለዚህ የእርስዎ ነጭ ጥርስ ውኃውን ነጻ አያወጣውም፤ መንሥኤው የሚሠራበት ጊዜ እንዳለው ብቻ ያሳያል። የልጅዎ ጥርስ ግን አሁን በመሠራት ላይ ነው። የእርስዎም አጥንት ቢሆን ዕድሜ ልኩን ፍሎራይድ ማጠራቀሙን አይተውም።

ወጣቱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልረታም። የበለዘ ጥርስ ሁሉ ከውኃ አይመጣም፤ ትምባሆም ያበልዛል። ጎን ለጎን የተቆፈሩ ሁለት ጉድጓዶችም በፍሎራይድ መጠን በጣም ሊለያዩ ይችላሉ። ዐይቶና ቀምሶ መለየት አይቻልም፤ ፍሎራይድ ቀለምም ሽታም የለውም። መለካት ብቻ ነው።

አንድ ስሕተት ሳላነሣ አላልፍም። ብዙ ሰው «ውኃውን አፍልቼ አጠጣለሁ» ይላል። ማፍላት ጥሩ ነው፤ ተቅማጥ የሚያመጡትን ተዋሲያን ይገድላል። ፍሎራይድ ግን ሕይወት የለውም፤ አይሞትም። እንዲያውም ውኃው በእንፋሎት ሲቀንስ የቀረው ይወፍራል። ተዋሲያን የሚገድለው የውኃ መድኃኒትም ለፍሎራይድ አይሠራም። የሚረዳው ፍሎራይዱ አነስተኛ ከሆነ ምንጭ ወይም ጉድጓድ መቅዳት፣ ንጹሕ የዝናብ ውኃ ማጠራቀም፣ ወይም በባለሙያ በተዘጋጀ የአጥንት ከሰል ማጣሪያ መጠቀም ነው። አጥንት እቤት አቃጥሎ ውኃ ውስጥ መጨመር አይደለም! ውኃው ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ጥሩው ውኃ ለሕፃናቱ መጠጥና ምግብ ይዋል፤ ለልብስና ለገላ ግን ያኛው ይበቃል።

ለአሁኑ የምሰጣችሁ የቤት ሥራ ይህ ነው። የምትጠጡት ውኃ ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚመጣ ጠይቁ። ከዚያም ወደ ከተማችሁ የውኃ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የዚያን ጉድጓድ የምርመራ ውጤት አሳዩን በሉ። ወረቀቱ ላይ ብዙ ቃላትና ቁጥሮች አሉበት፤ አትደንግጡ። «ፍሎራይድ» የሚለውን ቃል ፈልጉ፤ በጣታችሁ ወደ ቀኝ ሂዱ፤ ከፊት ለፊቱ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 0.8 ቢሆን ከ1.5 ያንሳል። 4.2 ቢሆን ይበልጣል። ያነበባችሁትን በደብተራችሁ ጻፉና ለጎረቤታችሁ አሳዩ፤ በተለይም ትንሽ ልጅ ላለው። ደኅና ሁኑ።