አባትና ልጅ በአንድ ሞተር ላይ
(በኢዮቤልዩ በዓላችን ላይ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው የጋበዘን ስለ ንግድ እንድንናገር ነበር። ስለ ንግድ ግን ከእኛ የተሻለ የሚያውቁ ብዙ ሰዎች እዚህ ተቀምጠዋል። ስለዚህ ኮሚቴውን አስፈቅደን ስለ ሞተር ብስክሌት እንናገራለን። በተለይም አባትና ልጅ ሆነን በአንድ ሞተር ላይ መንዳት እንዴት እንደ ተማርን እንነግራችኋለን። «እኛ» ስንል እንግዲህ ሁለታችንን ማለታችን ነው። ከሁለታችን ይበልጥ ያስቸገረው ማን እንደ ነበር ወደ ፊት ትሰሙታላችሁ።

አባት የሆንነው ባደግንበት በደርግ ዘመን፣ በትንንሾቹ ከተሞቻችን ሞተር የሚነዳው የግብርና ባለሙያው ወይም ሌላ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ሞተር ሲመጣ ልጅ ሁሉ ከኋላው ይሮጣል እንጂ አንድ ቀን እኔም እነዳለሁ ብሎ አያስብም። ጁባ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ሆነ። እ.ኤ.አ. በጥር 2005 የሰላም ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ ከተማዋ በፍጥነት ስታድግ ከኡጋንዳ በኩል ቦዳ ቦዳ ገብቶ መንገዱን ሞላው። ስሙ በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር ላይ በብስክሌት ሰው ያመላልሱ የነበሩ ወጣቶች «ቦርደር፣ ቦርደር» እያሉ ደንበኛ ከመጥራታቸው የመጣ ነው ይባላል። የጁባ ሰው ደግሞ ሞተሩን ሁሉ በአንድ የቻይና ምርት ስም «ሴንኬ» ይለዋል። ቦክሰርም ቢሆን ለእሱ ሴንኬ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የውጭ አገር ዜጎች በቦዳ ቦዳ ሥራ እንዳይሰማሩ ታገደ። እንደ እኛ ላለ ባለሱቅ ግን ሞተር የሚፈለገው ሰው ለመጫን አይደለም፤ ከቶንፒንግ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ደርሶ ሳሙናውን፣ ስኳሩንና ፓስታውን ይዞ ለመመለስ ነው።

በታኅሣሥ 2013 እና በሐምሌ 2016 (ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው) ጁባ ውስጥ ውጊያ ሲነሳ፣ ብዙዎቻችሁ እንደ ሆናችሁት ሁሉ እኛም ሱቃችንን ዘግተን፣ ሁለት ጊዜ ከባዶ መደርደሪያ ጀምረናል። በመስከረም 2018 አዲስ አበባ ላይ ስምምነት ተፈርሞ ገበያው ቀስ እያለ ሲነቃ፣ 18 ዓመት የሞላው ልጃችን «ለቦዳ የምንከፍለው ትርፋችንን በላው፤ ሞተር እንግዛ» አለ። አባት «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብሎ ወሬውን ዘጋው። በቃ፣ ያለቀ መሰለን።

አንድ ምሽት ልጅ ሱሪውን ጠቅልሎ እግሩን ሲታጠብ የቀኝ ባቱ ላይ መዳፍ የሚያህል የተላጠ ቁስል ታየ። የማርሚታ ቃጠሎ ነበር። ሞተር ያለበት ከተማ የሚኖር ሰው ይህን ምልክት አይስተውም። ለካስ ባረፈ ቁጥር ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር ተደብቆ ሲማር ከርሟል፤ ያለ ሄልሜት፣ ፍሬኑ በላላ ሞተር። አባት ሲጮህ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ነገሩን ያበረደችው እናት ናት። «ዛሬ ብትከለክለው ነገ ቁስሉን ይደብቅሃል። ወይ ሁለታችሁም ተማሩ፣ ወይ ሁለታችሁም ተዉት» አለች።

ይህን አባባሏን ብዙ ጊዜ አስበንበታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የአዲስ አበባ አስተዳደር ሞተር ብስክሌት ያለ ፈቃድ በከተማው እንዳይንቀሳቀስ አግዶ ነበር። ከተማ ሲከለክል ትእዛዙን የሚያስፈጽም ትራፊክ ፖሊስ አለው። አባት ሲከለክል ግን በር ላይ የሚያቆመው ፖሊስ የለውም፤ እሱ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ባለበት ልጁ የት እንዳለ አያውቅም።

ያገለገለ ቦክሰር ገዛን፤ ሄልሜትም ሁለት። ያስተማረን የሰፈራችን ደቡብ ሱዳናዊ ወጣት ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከሰፈራችን ወጣ ብሎ ወዳለ ሜዳ ይወስደናል። ንግግሩ ሁሉ በጁባ ዓረብኛ «ሹያ ሹያ» ነበር፤ ቀስ፣ ቀስ ማለቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሞተሩን ጨርሶ እንድናስነሳ አልፈቀደም። አንዳችን ተቀምጠን አንዳችን እየገፋን ሚዛን መጠበቅ ብቻ ተለማመድን። በሚቀጥለው ሳምንት ፍሪሲዮን አሳየን። በግራ እጅ ጨብጦ፣ ማርሽ በግራ እግር አስገብቶ፣ ከዚያ ሞተሩ መጎተት የሚጀምርበትን ቦታ እጅ እስኪያውቀው ድረስ ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። ቶሎ ከለቀቁት ሞተሩ ዘሎ ይጠፋል። በልጅ እጅ አራት ጊዜ ጠፋ። በአባት እጅ ስንት ጊዜ እንደ ጠፋ፣ ሜዳው ዳር ቆመው ይስቁ የነበሩት ልጆች ይመስክሩ።

እውነቱን ለመናገር፣ ከፍሪሲዮኑ ይልቅ የከበደን ሌላ ነገር ነበር። ልጅ ቀድሞ ቻለ። ቀድሞ ስለ ቻለም እየሮጠ ከጎን ይከተላል፤ «አባባ፣ ጎማውን አይዩት፤ የሚሄዱበትን ይዩ» ይላል። ትክክል ነበር፤ ዓይን ወደ ጎማው ሲያይ ሞተሩ ይወላገዳል። ሆኖም ልጅ እርስዎ እያለም ቢሆን አባቱን ሲያዝ፣ አባት ጆሮውን መክፈት ያቅተዋል። 50 ዓመት የተጠጋ ሰው ተማሪ ሆኖ፣ መምህሩ ደግሞ ትናንት በጀርባው ያዘለው ልጅ ሲሆን፣ የሚሰማው ነገር ቀላል አይደለም።

በሚያዝያ የመጀመሪያው ዝናብ ዘነበ። ከገበያ ስንመለስ አባት ይነዳል፤ ልጅ ከኋላ ካርቶን ይዞ ተቀምጧል። መንገዱ ገረጋንቲ ነው፤ ዝናቡ አፈሩን አጥቦ ጠጠሩን ብቻ ከላይ ትቶታል። ከሁለት ቀን በፊት ልጅ «ጠጠር ላይ የፊቱን ፍሬን ጨምቀው አይያዙ፤ ማርሽ ቀንሰው የኋላውን ቀስ ብለው ይርገጡ» ብሎ ነበር። የተሰጠው መልስ «አንተን መራመድ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ» የሚል ነው። እነሆ አንዲት ራክሻ ከመንደር መንገድ ድንገት ወጣች። አባት በቀኝ እጁ የፊቱን ፍሬን በሙሉ ኃይሉ ጨመቀ።

ያኔ የሆነውን በኋላ አስተማሪያችን አስረዳን። አስፋልት ላይ ሞተርን በአብዛኛው የሚያቆመው የፊት ፍሬን ነው። ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ጎማው መሬቱን ይነክሳል። ልቅ ጠጠር ላይ ግን ጎማው ሲቆለፍ የሚነክሰው ስለማያገኝ ይንሸራተታል፤ መሪውም ከእጅ ያመልጣል። ሁለታችንም ወደቅን። የአባት የግራ እጅ አንጓ ተሰበረ፤ የልጅ ጉልበት እስከ አጥንቱ ተገሸለጠ። የአባት ሄልሜት ከጆሮው በላይ ባለው በኩል በጠጠሩ ላይ ተጎትቶ በረጅሙ ተፋቀ።

ልጅ አንድም ቃል ሳይናገር እያነከሰ ተነሳ፤ አባቱን አነሳ፤ ሞተሩን ከመንገድ አወጣ። ለሦስት ቀን ቤታችን ውስጥ ስለዚህ ነገር አልተነሳም። በሦስተኛው ማታ አባት «ልጄ፣ ነግረኸኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ አድርግልኝ» አለ። በአባቶቻችን ቤት አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምተን አናውቅም። ልጅም እንባው መጣና «እኔም አጥፍቻለሁ። ፍጥነቱ እንደ በዛ ከኋላ ሆኜ አይቼ ነበር። ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ዝም አልኩ» አለ።

ወገኖቻችን፣ ዛሬ ልንነግራችሁ የመጣነው ይህን ነው። ልጁ አደጋውን አይቷል፤ አባቱን ስለ ፈራ ግን አልተናገረም። ሁለታችንም ልንሞት የነበረው በዚያ ዝምታ ነው። ልጅ አባቱን ማክበሩ መልካም ነው። ነገር ግን መከበራችን ልጆቻችን ያዩትን አደጋ እንዳይነግሩን የሚያደርግ ከሆነ፣ የምንጎዳው እኛው ነን።

እጁ ሲድን ወደ ሜዳው ተመለስን፤ ሕግም አወጣን። ሞተር ላይ ያየ ይናገራል፣ የሰማ ይታዘዛል፤ ክርክር ካለ ቤት ሲደርሱ ነው። መንጃ ፈቃድ ሳይያዝ ከሜዳው አይወጣም። ዝናብ ሲዘንብና ሲመሽ ሞተር አይነሳም፤ ዋልካው ላይ ጎበዝም አይቆምም። ሌላው፣ እዚህ አገር እንደ አገራችን በቀኝ ይነዳል፤ ከኡጋንዳ የሚመጡት ብዙዎቹ መኪኖች ግን መሪያቸው በቀኝ ነው። እንዲህ ያለው ሾፌር ሊቀድም ሲወጣ ከፊት የሚመጣውን የሚያየው መኪናው ግማሽ ከወጣ በኋላ ስለሆነ፣ ርቀን እንጠብቀዋለን። ሄልሜት ደግሞ ጎረቤት ለመድረስም ቢሆን ታስሮ ይደረጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በትክክል የተደረገ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ጽፏል። እኛ ደግሞ በአንድ ጭረት አምነናል።

አንድ ጊዜ የተመታ ሄልሜት ውስጡ ስለሚጎዳ ዳግመኛ አይደረግም። ስለዚህ አዲስ ገዝተን አሮጌውን ሱቃችን ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል። ዋጋውን የሚጠይቁ ደንበኞች አሉ፤ አይሸጥም እንላቸዋለን። የሰፈራችን ወጣቶች ሞተር ሲያምራቸው ግን አውርደን እናሳያቸዋለን፤ አባታቸውን ይዘው እንዲመጡም እንነግራቸዋለን። ከእናንተም መካከል መማር የሚፈልግ አባት ወይም እናት ካለ፣ ሜዳውን እናውቀዋለን። ሳቁን መቻል ብቻ ነው።

እንደየእምነታችን ሁላችንንም ከመንገድ አደጋ ይሰውረን። ኮሚኒቲያችንን ያሰንብትልን፤ ለከርሞውም በዓል በጤና ያድርሰን።