የዱባ ጓሮ፦ አመድ ከመበተናችን በፊት አፈሩን እንለካ
(ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር፣ ሀዋሳ)



ወደ ትምህርቱ ከመግባቴ በፊት የራሴን አንድ ስህተት ልንገራችሁ። የልማት ሠራተኛ በነበርኩበት ጊዜ አንዲት እናት የጓሮ ዱባቸው ለጋ ቅጠል ቢጫ እየሆነ ቢያስቸግራቸው ምክር ጠየቁኝ። አፈሩን ሳላስለካ «አመድ ይጨምሩበት» አልኳቸው። እሳቸውም አምነውኝ የምድጃውን አመድ በየጊዜው አፈሰሱበት። ቢጫው ባሰ፤ የዚያ ዓመት ዱባ ለገበያ ቀርቶ ለቤትም አልበቃም። በኋላ ሲለካ የአፈሩ ፒኤች ከ8 በላይ ሆኖ ተገኘ። ችግሩን ያባስኩት እኔ ነበርኩ።

ፒኤች የአፈርን አሲዳማነት ወይም አልካላይነት የምንለካበት ነው። 7 መካከለኛ ነው፤ ከ7 በታች አሲዳማ፣ ከ7 በላይ አልካላይን ነው። አንድ ቁጥር ትንሽ አይምሰላችሁ፤ 8 የሆነ አፈር 7 ከሆነው በ10 እጥፍ ይበልጥ አልካላይን ነው። ለዱባ የሚስማማው ከ6.0 እስከ 6.8 ሲሆን፣ እስከ 7.5 ድረስ በጥሩ አያያዝ ያፈራል። ከዚያ ሲያልፍ ብረት፣ ዚንክ፣ ማንጋኒዝና ፎስፈረስ በአፈሩ ውስጥ እያሉ ሥሩ ሊወስዳቸው ይቸገራል። ጎተራው ሞልቶ ቁልፉ እንደጠፋበት ቤት ማለት ነው። ምልክቱ ለጋ ቅጠል ቢጫ ሆኖ የቅጠሉ ጅማቶች አረንጓዴ መሆናቸው ነው። መጀመሪያ ቢጫ የሚሆነው የታችኛው አሮጌ ቅጠል ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ የናይትሮጅን እጥረት ነው።

«ኖራ ጨምሩ ሲባል እንሰማለን፤ እናንተ ደግሞ አመድ ተው ትላላችሁ» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ሁለቱም ትክክል ነው፤ ልዩነቱ ቦታው ነው። በሁላ፣ በቡርሳና በአርቤጎና ደጋዎች ብዙ ዝናብ ካልሲየሙንና ፖታሺየሙን አጥቦ ስለሚወስድ አፈሩ አሲዳማ ይሆናል፤ እዚያ ኖራ መድኃኒት ነው። እኛ ያለነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። የሀዋሳ ሐይቅ በጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባለታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ውሃው ሲተን ጨውና ሶዳው ስለሚቀር የሐይቁ ውሃ አልካላይን ነው። በዚህ ውሃ ደጋግመን ያጠጣነው ጓሮ ፒኤቹ ከዓመት ዓመት ሊጨምር ይችላል። አመድ ደግሞ የኖራን ሥራ ስለሚሠራ ያባብሰዋል። ይህ ማለት ግን የሀዋሳ ጓሮ ሁሉ አንድ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ መለካት ይቀድማል።

አንደኛ፣ ናሙና እንውሰድ። ከጓሮው ከ8 እስከ 10 ቦታ፣ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት እየቆፈራችሁ በንጹሕ ባልዲ ቀላቅሉ። አመድ የሚደፋበትንና ፍግ የሚከመርበትን ቦታ ዝለሉ። ግማሽ ኪሎ ያህል ወስዳችሁ በጥላ አድርቁና በልማት ሠራተኛችሁ በኩል ለአፈር ምርመራ ላኩ። የምታጠጡበትን ውሃም አብራችሁ አስለኩ።

ሁለተኛ፣ በደረቅ አፈር ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉ። አፈሩ ከፈላ በውስጡ ኖራ አለ ማለት ነው። ባይፈላም ምርመራው አይቀርም።

ሦስተኛ፣ ፒኤቹ ከፍ ካለ አመድና ኖራ አቁሙ። አመዱን ፒኤቹ ዝቅተኛ መሆኑ በተለካ ማሳ ላይ አውሉት።

አራተኛ፣ ጉድጓዱን አክሙ። 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ በደንብ የበሰለ ኮምፖስትና የላይ አፈር እኩል ቀላቅላችሁ ሙሉ። በየጉድጓዱ መካከል ከ2 እስከ 3 ሜትር ተዉ። ወጪው ጉልበት ብቻ ስለሆነ ከሁሉ በፊት ይህን ሞክሩ።

አምስተኛ፣ አፈሩ የማይፈላና ፒኤቹ 7.5 አካባቢ ከሆነ የድኝ ዱቄት ይረዳል። ለመካከለኛ አፈር ወደ 6.5 ለማውረድ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ80 እስከ 100 ግራም፣ ለ100 ካሬ ሜትር ከ8 እስከ 10 ኪሎ ይበቃል። አሸዋማ አፈር ያነሰ፣ ሸክላማ የበለጠ ይፈልጋል። ድኙን ወደ አሲድ የሚቀይሩት የአፈር ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነሱም ሙቀትና እርጥበት ይሻሉ። ስለዚህ ከመዝራታችሁ ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ወር አስቀድማችሁ 15 ሳንቲ ሜትር ድረስ ከአፈር ጋር ቀላቅሉ፤ አፈሩ እርጥበት አይለየው። ስትበትኑ አፍንጫና ዓይናችሁን ሸፍኑ። ዳግም ሳትለኩ አትጨምሩ። ኤንፒኤስ ውስጥ ያለው ሰልፈር ተክሉን ይመግባል እንጂ የዚህን ድኝ ሥራ አይተካም።

አፈሩ የሚፈላ ከሆነ ግን በድኝ ገንዘባችሁን አታባክኑ። አንድ ኪሎ ድኝ የሚያጠፋው 3 ኪሎ ያህል ኖራ ብቻ ነው። ከመቶ አንድ እጅ ኖራ ያለው አፈር እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ድረስ በ100 ካሬ ሜትር ወደ 200 ኪሎ ኖራ ይይዛል፤ ያን ለማጥፋት 60 ኪሎ በላይ ድኝ ያስፈልጋል። እዚያ በኮምፖስት ጉድጓድ መዝራት ይሻላል። አፈሩ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ የሚጠነክርና ውሃ የማያሰርግ ከሆነ ደግሞ ሶዲየም በዝቶበት ሊሆን ስለሚችል፣ ጀሶና የውሃ ማፋሰሻ ያስፈልገው እንደሆነ በምርመራው ይለይ።

ስድስተኛ፣ ዩሪያ ስትጨምሩ በአፈር ሸፍኑት። አልካላይን አፈር ላይ ተበትኖ ከቀረ ናይትሮጅኑ በአየር ይጠፋል።

እናንተ ሞዴል ስለሆናችሁ የምታደርጉትን ጎረቤት ያያል፤ እኔም የተሳሳትኩትን እናንተ እንዳትደግሙት ነው የነገርኳችሁ። ጎረቤት «ዱባዬ ቢጫ ሆነብኝ» ብሎ ሲመጣ የመጀመሪያ መልሳችሁ «አፈሩን አስለክተሃል?» ይሁን።