ጦርነትና የጨቅላ ሕፃናት ሞት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ጦርነት ሰውን የሚገድለው በጥይት ብቻ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን የጠመንጃ ድምፅ በማይሰማበት ቤት ውስጥ ገና ስም ያልወጣለት ሕፃን በጦርነቱ ምክንያት ይሞታል። ዛሬ ልናስረዳ የምንወደው ይህንኑ ነው።

በ2008 ዓ.ም. በአገራችን የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት እንዳስረዳው፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 48ቱ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ከነዚህም 29ኙ የሚሞቱት ገና በመጀመሪያው ወር ነው። በዚያ ወር ሕፃናትን አብዝተው የሚገድሉት በምጥ ጊዜ መታፈን፣ ያለ ጊዜ መወለድና ኢንፌክሽን ናቸው። እነዚህን ለመከላከል አዋላጅ፣ መድኃኒትና ወደ ሆስፒታል ፈጥኖ የሚያደርስ መንገድ ያስፈልጋል። ጦርነት አስቀድሞ የሚያጠፋውም እነዚህኑ ነው።

ምሳሌውን ከሩቅ አንፈልግም። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ደሴና ኮምቦልቻ በትግራይ ኃይሎች እጅ በነበሩ ጊዜ የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ። በኮምቦልቻም የእርዳታ እህል መጋዘኖች ሲዘረፉ በምግብ እጦት ለተጎዱ ሕፃናት የተዘጋጀው ምግብ ጭምር ተወሰደ። ከደጋን የምትነሣ ወላድ ምጥ ቢጠናባት መንገዷ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ደሴ ነው። ሆስፒታሉ ባዶ ከሆነ ወዴት ትሂድ?

መከራው የወሎ ብቻ አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. ድንበር የለሽ ሐኪሞች በትግራይ ከጎበኟቸው 106 የጤና ተቋሞች እንደ ወትሮው ይሠሩ የነበሩት ከመቶ 13ቱ ብቻ ናቸው። ምጥ ወገን አይለይም።

ታዲያ ከእኛ ምን ይጠበቃል? በጋና፣ በህንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች ተደርጎ በ2013 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ክብደታቸው ያነሰ ሕፃናት ከተወለዱበት ሰዓት ጀምሮ በእናታቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ ቢታቀፉ ሞታቸው በሩብ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ዘዴ ሐኪምን አይተካም፤ ነገር ግን መብራት ቢጠፋ የእናት ገላ አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ ይህን ለእናቶቻችንና ለእኅቶቻችን ማስተማር ይገባናል።

ሁለተኛውም ግዴታችን መቁጠር ነው። የወደቀ ወታደር ስሙ ይጻፋል፤ በአራስ ቤት የሞተ ሕፃን ግን ከመዝገብ ሳይገባ ይቀበራል። ያልተቆጠረ ሞት ደግሞ የሚጠየቅበት የለም። ስለዚህ የጦርነትን ዋጋ ስንተምን እነዚህንም ሕፃናት እንቁጠር፤ ጦርነት ያፈረሰውንም ስንሠራ ከማዋለጃው ክፍል እንጀምር።