የፊት እግር ድምፅ፦ ከመለዋወጫ ግዢ በፊት ምንጩን መለየት

(ተሽከርካሪ ላላቸው የሰበካ ጉባኤያት የንብረትና የልማት ክፍል ተጠሪዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን አባቶቻችን ካህናት፣ የተከበራችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ከመንገድ ድካም ያልተለያችሁ ሾፌሮቻችን፤

የዛሬው ጉዳያችን ላይ ላዩን ሲታይ የጋራዥ ወሬ ይመስላል፤ የጭነት መኪናችን የፊት እግር ሲጥ ሲጥ ወይም ቋ ቋ ሲል ምን እናድርግ የሚል ነውና። ይሁን እንጂ በመኪናው ላይ የሚጫነው ሲሚንቶ፣ የውኃ ቧንቧና የዘር እህል የምእመናን መባና የረጂዎች አደራ ነው፤ በጋቢናው የሚቀመጠው ደግሞ የሰው ሕይወት ነው። ስለሆነም ጉዳዩ ለመካኒክ ብቻ የሚተው ሳይሆን የክፍያ ሰነድ የሚፈርመውን ኮሚቴም ይመለከታል።

ድምፅ በተሰማ ጊዜ ሁለት ነገሮች ሲደረጉ እናያለን። አንደኛው «መኪናው አርጅቷል፤ ልማዱ ነው» ብሎ መተው ነው። ሁለተኛው ምንጩ ሳይለይ መለዋወጫ መግዛት ነው፤ ሾክ አብዞርበር ተለውጦ፣ ገንዘብ ወጥቶ፣ ድምፁ እንደ ነበረ ይቀራል። የመጀመሪያው ሕይወት ያስከፍላል፤ ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያንን ገንዘብ ይበላል። ከሁለቱም የሚያድነን አንድ ሥርዓት ነው፤ ይኸውም የድምፁ ምንጭ በዐይን ታይቶ፣ በእጅ ተነክቶ ሳይረጋገጥ ግዢ አለማጽደቅ ነው።

በአገራችን በብዛት የምናየው እንደ አይሱዙ ኤንፒአር ያለው የጭነት መኪና ፊቱ በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ነው። የፊት ጎማዎቹ በአንድ ወጥ አክስል ሁለት ጫፎች ላይ ሆነው፣ ኪንግ ፒን በሚባለው ዘንግ ዙሪያ ይዞራሉ። እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ ያለው ፒካፕ ግን ሁለቱ የፊት እግሮቹ ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ፤ በኪንግ ፒን ፈንታ ቦል ጆይንት፣ በክንዶቹ መጋጠሚያ ደግሞ ጎሚኒ አለው። እንግዲህ ምርመራው በአራት ደረጃ ይከናወናል።

አንደኛ፣ ሾፌሩን እንስማ። ድምፁ መቼ ይመጣል? ጉድጓድና ጉብታ ሲያልፍ፣ መሪ ሲዞር ወይስ ፍሬን ሲያዝ? ጉብታ ላይ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ባሌስትራውን፣ ጎሚኒውንና የሾክ አብዞርበሩን ማሰሪያ እንጠርጥር። መሪ ሲዞር የሚሰማ ከሆነ ወደ ኪንግ ፒን ወይም ወደ ቦል ጆይንት፣ እንዲሁም ወደ መሪ ዘንግ መጋጠሚያዎች እንሂድ። ዝናብ ሲዘንብ ጠፍቶ ሲደርቅ የሚመለስ ድምፅ፣ እርስ በርሱ የሚፋተግ ደረቅ ነገር መኖሩን ያመለክታል። ዝናቡ ሸፈነው እንጂ አልፈወሰውም።

ሁለተኛ፣ መኪናው ቆሞ ይመርመር። ሜዳ ላይ አቁመን፣ የእጅ ፍሬን ይዘን፣ ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ እናድርግ። አንድ ሰው መሪውን ቀስ እያለ ግራና ቀኝ ያዙር፤ ሌላው ከጎማው ራቅ ብሎ ያዳምጥ። ረጅም እንጨት አንዱን ጫፍ በተጠረጠረው መጋጠሚያ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በጆሮ አጠገብ ቢያደርጉት ድምፁን ያቀርበዋል። በዚሁ ጊዜ ዐይንም ይሥራ። በብሎን ዙሪያ የሚታይ ቀይ የዝገት ዱቄት ወይም ተፈትጎ ያበራ ብረት፣ መነቃነቅ የሌለበት ነገር እየተነቃነቀ መሆኑን ይመሰክራል።

ሦስተኛ፣ በውኃ እንለይ። በተጠረጠሩት ጎሚኒዎችና በባሌስትራው ሳንቃዎች መካከል አንድ በአንድ ጥቂት ውኃ እናፍስ፤ ከእያንዳንዱም በኋላ መኪናውን ወዝወዝ አድርገን እናዳምጥ። ድምፁ ለጊዜው የጠፋበት ቦታ ምንጩ ነው። በጎሚኒ ላይ ግን የሞተር ዘይት ወይም ተራ ግሪስ አይቀባ፤ ጎማውን አሳብጦ ያበላሸዋልና።

አራተኛ፣ በክሪክ እናንሣ። አክስሉ በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ ሳያርፍ ማንም ሰው ከሥር አይግባ፤ ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። ከዚያም ጎማውን ከላይና ከታች ይዘን እንወዝውዘው። ከተነቃነቀ ረዳቱ ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲረገጥ መነቃነቁ ከጠፋ ችግሩ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ከቀጠለ ግን ኪንግ ፒኑ ወይም ቦል ጆይንቱ ተበልቷል። ጎማው ከግራና ከቀኝ ሲያዝ የሚነቃነቅ ከሆነ የመሪ ዘንግ መጋጠሚያዎች ይታዩ።

ክቡራን ሆይ፣ ድምፅ ሁሉ እኩል አይደለም። በባሌስትራ ሳንቃዎች መካከል የገባ አቧራ ቢጮኽ ታጥቦና ተጠርጎ ቀጣይ አገልግሎት ይጠብቃል። ነገር ግን የተሰነጠቀ ባሌስትራ፣ የላላ የባሌስትራ ማሰሪያ፣ የተበላ ኪንግ ፒን ወይም ቦል ጆይንት፣ የሚወዛወዝ የመሪ መጋጠሚያ ከተገኘ መኪናው ጭኖም ሆነ ባዶውን አይውጣ። እነዚህ ሲለቁ መሪው ለሾፌሩ አይታዘዝም። የተሰበረ ባሌስትራም አይበየድ፤ የብየዳው ሙቀት የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋዋል። አዲስ ባሌስትራ ሲገባ ደግሞ ማሰሪያው ጥቂት ከተነዳ በኋላ እንደገና መጥበቅ አለበት።

ለኮሚቴዎቻችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በጋቢናው ውስጥ ደብተር ይኑር፤ ሾፌሩ ድምፁ የተሰማበትን ቀንና ሁኔታ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ክፍያ ከመፈረሙ በፊት የተለወጠው አሮጌ ዕቃ ይቅረብ፤ ምኑ እንደተበላም መካኒኩ በእጁ ያሳይ። ሦስተኛ፣ ግሪስ መግቢያ ያላቸው መጋጠሚያዎች በአምራቹ መመሪያ መሠረት ግሪስ ይጠጡ፤ በአቧራማ መንገድ የሚሠራና ወንዝ የሚሻገር መኪና ደግሞ ከዚያም ቶሎ ቶሎ ይደረግለት። መግቢያው አስቀድሞ ይጠረግ፤ አሮጌው ግሪስ ገፍቶ ካልወጣ መንገዱ ተዘግቷል ማለት ነው። አበው ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት ይህንን ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ሾፌሩ «መኪናው ይጮኻል» ሲል «ጭነቱ ዛሬ መድረስ አለበት» ብለን አፉን አናዘጋው። የሰበካ ጉባኤያችን መተዳደሪያ ደንብ ቃለ ዓዋዲ፣ የዐዋጅ ነጋሪ ድምፅ፣ ይባላል። በድምፅ ስም የተጠራ ደንብ የሚመራን እኛ፣ ማስጠንቀቂያን ለመስማት ከሌላው ይልቅ የቀረብን ልንሆን ይገባል። ጭነት አንድ ቀን ቢዘገይ ይደርሳል፤ ከገደል የገባ ሰው ግን አይመለስም።

የአገልግሎት መንገዳችሁን ሁሉ እግዚአብሔር ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።