የሰጠች ትጠይቃለች



የዚህ ኮሌጅ ተመራቂዎች፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የልማት ሠራተኛ፣ የኅብረት ሥራ ባለሙያ ወይም የእንስሳት ጤና ረዳት ሆናችሁ ወደ ፎገራ፣ ወደ ደራና ወደ ሊቦ ከምከም ቀበሌዎች ትሄዳላችሁ። እዚያ ስትደርሱ ማንም ሳያደራጃቸው የተደራጁ ሴቶች ታገኛላችሁ። የማርያምን ጽዋ የሚጠጡ እናቶች በየወሩ በተረኛዋ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ የማኅበሩ መሪ ሙሴዋ የቀረችውን ትጠይቃለች፣ ያለ ምክንያት የቀረችው ትቀጣለች፣ የተጣሉ ካሉ ይታረቃሉ። ሙስሊም እናቶች ለሰደቃና ለዱዓ ይገናኛሉ። እድሩና እቁቡ ደግሞ በሃይማኖት ሳይለዩ ጎረቤታሞችን ያስተሳስራሉ። በእነዚህ ስብስቦች ውስጥ ገንዘብ አለ፣ መዝገብ አለ፣ መተማመን አለ። ይሁን እንጂ ገንዘቡ በአብዛኛው ወጥቶ የሚመለሰው እዚያው አባላቱ ዘንድ ነው፤ ለአባሏ ለቅሶ፣ ለአባሏ አራስነት፣ ለአባሏ ንግድ። እኔ ዛሬ የምሟገተው ለአንድ ነገር ነው። ከዚህ መዋጮ ጥቂቱ፣ ሴቶቹ ራሳቸው ድምፅ ሰጥተውበት፣ በአካባቢያቸው ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን ለሚጦር፣ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ለሚያሳድግ፣ አካል ጉዳተኛ ልጆችን ለሚያስተምር አገር በቀል ድርጅት ይሰጥ፤ ከገንዘቡም ጋር ጉልበታቸውና ሙያቸው ይሂድ። ትልቁ ጥቅም ያለው ደግሞ በብሩ መጠን ላይ አይደለም። የሰጠች ሴት የት ደረሰ ብላ የመጠየቅ መብት ታገኛለች፤ የተቀበለውም ድርጅት መልስ የሚሰጠው በየገበያው ለሚያገኛቸው ጎረቤቶቹ ይሆናል።

ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከወረታ ብዙም ሳይርቅ፣ በዚሁ በፎገራ ወረዳ፣ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ አለ። ሴቶች እንደሚያርሱበት፣ ወንዶችም እንደሚፈትሉበትና እንደሚጋግሩበት አገር ሁሉ ያውቃል። ብዙ የማይወራለት ግን «ለወገን ደራሽ» የሚባለው ሥርዓታቸው ነው፤ መሥራት የሚችል ሁሉ ከሳምንቱ አንዱን ቀን ለተቸገሩ ይሠራል፣ የዚያ ቀን ገቢ ለአረጋውያን፣ ለሕሙማንና ወላጅ ለሌላቸው ልጆች ይውላል። ይህን የሚያደርጉት የተረፋቸው ሰዎች አይደሉም። በደርግ ዘመን ማብቂያ ቀያቸውን ለቀው እስከ ቦንጋ ተሰደው ሲመለሱ በእጃቸው የቀረው መሬት 17.5 ሄክታር ብቻ ነበር፤ ወደ ሽመናና ወደ ወፍጮ የገፋቸውም ይኸው የመሬት ጥበት ነው። አውራ አምባ ልዩ ነው፣ እኛ እንደነሱ አይደለንም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ አኗኗራቸውን ሁሉ ሌላው ቀበሌ ይወርሳል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ነገር ግን አንድን ቀን ለይቶ፣ ገቢውን ለይቶ፣ በኮሚቴ አስወስኖ ለተቸገረ ማዋል የሃይማኖት ወይም የፍልስፍና ለውጥ አይጠይቅም። መዝገብ የሚይዝ ማንኛውም እድር ሊያደርገው ይችላል። ኤች አይ ቪ ኤድስ በከፋባቸው ዓመታት በአዲስ አበባ በርካታ እድሮች ከቀብር ሥራቸው አልፈው ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ የጀመሩት የመተዳደሪያ ደንባቸውን በማሻሻል እንጂ ሌላ ሰው በመሆን አልነበረም።

ይህ የአካባቢ መዋጮ ለምን አሁን አስፈለገ? የአገራችን በጎ አድራጎት ድርጅቶች በሌላ ሰው ኪስ ላይ መቆም ምን እንደሚያስከፍል በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሁለት ጊዜ አይተዋል። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 መሠረት በመብት ጉዳይ ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከገቢያቸው 10 በመቶ እንዳይበልጥ በተደረገ ጊዜ ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ የቆየውን የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሰሉ ድርጅቶች ሥራቸውን ለመቀነስ ተገደዱ። ያ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተሽሮ በሩ ተከፈተ። ከዚያ ደግሞ በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን አብዛኛውን ክፍል ባንድ ጊዜ አቆመ፤ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤድ ብዙ ዕርዳታ ከሚያገኙ የአፍሪካ አገሮች ግንባር ቀደሟ ስለነበረች ድንጋጤው ገጠር ጤና ጣቢያ ድረስ ወረደ። መጀመሪያ የዘጋው የራሳችን ሕግ ነበር፣ ኋላ የዘጋው የሌላ አገር ውሳኔ፤ በሁለቱም ጊዜ ማንም ያላማከራት ግን አንድ ሰው ነበረች፣ አገልግሎቱ የቀረባት እናት። በዚህ ላይ ባለፉት ዓመታት በክልላችን በግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ሲቆም የሰነበተው በቅርብ ያለ ሰው ያዋጣው ብቻ ነበር። የአካባቢ መዋጮ የውጭውን ገንዘብ ሊተካ አይችልም፣ አይተካምም። ሌላው ሁሉ ሲቋረጥ ድርጅቱን በሩን ክፍት አድርጎ ሊያቆየው ግን ይችላል።

በጋራ የመስጠት ነገር በሌላውም ዓለም ተሞክሯል። በአሜሪካ በሲንሲናቲ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው «ኢምፓክት 100» አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቢያንስ መቶ ሴቶች እያንዳንዳቸው አንድ ሺህ ዶላር ያዋጣሉ፣ የአካባቢ ድርጅቶች ዕቅዳቸውን ያቀርባሉ፣ አባላቱ እኩል ድምፅ ይሰጣሉ፣ ገንዘቡ ሳይበታተን በትልቁ ይሰጣል። ከዚህ የምንወስደው ዶላሩን ሳይሆን ሁለቱን ደንቦች ነው፤ እኩል መዋጮና እኩል ድምፅ። አርባ አባላት ያሉት አንድ ማኅበር በወር በነፍስ ወከፍ 20 ብር ለዚህ ቢለይ በዓመት 9,600 ብር ይሆናል። አሥር ማኅበራት ቢተባበሩ 96,000 ብር ነው። ለአንድ ትልቅ ድርጅት ይህ ምንም ላይሆን ይችላል፤ በአንዲት ቀበሌ ውስጥ ለደርዘን ልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ ለሚያቀርብ ማኅበር ግን ዓመቱን ሊያሻግረው ይችላል። ደግሞም ገንዘቡን የአራት መቶ ሴቶች ዓይን ተከትሎት ይመጣል። ሩቅ ያለ ለጋሽ በፎቶግራፍና በሪፖርት ይረካል፤ የዚያች ቀበሌ እናት ግን የደንብ ልብሱን በልጁ ላይ ታየዋለች፣ ካላየችውም የት ገባ ትላለች።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ድህነት ነው። ራሷ የጎደላት ሴት ከምኗ ትስጥ? ይህን ጥያቄ በአክብሮት ነው የምመልሰው፣ ምክንያቱም የፎገራ ሜዳ ችግር ተረት አይደለም። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው በ1998ም በ2012ም ክረምት ቤትና ማሳ ውሃ ውጦታል፣ ብዙ ሰው ተፈናቅሏል። ግን ይኸው ውሃ የሚተኛበት መሬት በ1970ዎቹ በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ማኅበራት የተሞከረውን ሩዝ ተቀብሎ ዛሬ የአገሪቱ የሩዝ መዲና ሆኗል፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው፣ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉም እዚሁ ወረታ ላይ ቆሟል። ያ ሩዝ ያለ ሴቶች አይታሰብም። ውሃ ውስጥ ቆመው አጎንብሰው የሚያርሙት፣ ምርቱን የሚያሰጡት፣ ወደ መፈልፈያው ወስደው ለገበያ የሚያደርሱት በብዛት እነሱ ናቸው። የመሬት ይዞታ ደብተሩም ከ1990ዎቹ ወዲህ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፎበት ሲሰጥ ቆይቷል። ስለዚህ የሜዳው ሴት ተረጂ ብቻ ተደርጋ መቆጠሯ ሀብቱን ከምታፈራበት ሥራ ጋር አይገጥምም። እ.ኤ.አ. በ2002 በአዳማ በአምስት ቡድን የተጀመሩት የሴቶች ራስ አገዝ ቡድኖችም ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ በሳምንት ሳንቲም ከመቆጠብ የተነሡ እጅግ ድሃ ሴቶች ቡድናቸው ሲበረታና ከሌሎች ቡድኖች ጋር ኅብረት ሲፈጥር ፊታቸውን ወደ ጎረቤት ችግር መልሰዋል። መስጠት ካልቻለች መቅረት መብቷ ይሁን። አትችልም ብሎ ሌላ ሰው አስቀድሞ መወሰን ግን ደግነት አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፣ እኔንም በጣም ያሳስበኛል። ሴቶች ያለ ክፍያ የሚሠሩት አንሶ ነው ወይ ሌላ የበጎ ፈቃድ ሥራ የምንጨምርባቸው? እ.ኤ.አ. በ2011 የሴቶች የልማት ሠራዊት በየቀበሌው ሲደራጅ፣ ሠላሳ ያህል እማወራዎች በአንድ ቡድን፣ ከሥሩም አንድ ለአምስት ተብለው ጤናን እንዲያስተምሩ ተደርጎ ነበር። በክልላችን ገጠር ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ያለ ክፍያ መሪ የሆኑት ሴቶች ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ የተቸገሩና የተጨነቁ መሆናቸውን አግኝቷል። ይህ ሊዘለል የማይገባ ማስረጃ ነው። ልዩነቱን ግን ተመልከቱ። በዚያ አሠራር ሥራውን የወሰነው ከላይ ነው፣ ኮታውም ከላይ ነው፣ ሴቲቱ የምታደርሰው የሌላውን ዕቅድ ነበር፤ እንቢ የማለት ድምፅም አልነበራትም። እኔ በምለው አሠራር ሰዓቱን የሚወስነው ማኅበሩ ነው። የጉልበት እገዛው በዓመት ከተወሰኑ ቀናት እንዳይበልጥ በደንቡ ይጻፍ፣ አራስና ታማሚ ነፃ ይሁኑ፣ አንዷ ወጥታ ስትሠራ የእሷን ቤት የምታይላት ተመድባ ትዋል። ይህን ማድረግ የማይችል ማኅበር ገንዘቡን ብቻ ይስጥ፣ ያ ይበቃል። ወንዶች ተመራቂዎችም ስሙኝ። እናታችሁ ወይም ሚስታችሁ የማኅበሯን ሥራ ልትሠራ በወጣችበት ቀን ውሃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ ካልተነጋገራችሁ በቀር የእሷ ደግነት በእሷው ወገብ ላይ ይከፈላል።

በጎ ፈቃድ ሲባል የዘመቻ ፍቅራችንን ማንሳት ግድ ይላል። እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ መኖሩ ከታወቀ ወዲህ ስንት ሺህ ሰው ከየአቅጣጫው መጥቶ እስከ ወገቡ ውሃ ገብቶ በእጁ ነቅሏል። የዚያን ሕዝብ ፍቅር ማንም አይጠራጠርም። እምቦጭ ግን በሳምንታት ውስጥ እጥፍ የሚሆን፣ ዘሩም በደለል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት የሚቆይ አረም ነው፤ አውቶቡሱ ከተመለሰ በኋላ እንደገና ይበቅላል። በሐይቁ ዳር ያሉት የፎገራ ቀበሌዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። በየወሩ በቀኑ የሚገናኝ ማኅበር ያለው ብርታት እዚህ ላይ ነው፤ ጥቂት ሰው ነው፣ ግን አይበተንም። አንዲት የሒሳብ ዕውቀት ያላት አባል በወር አንድ ከሰዓት የአንድን ትንሽ ድርጅት መዝገብ ብታስተካክል፣ ያ ድርጅት ለኦዲት ይበቃል፤ ለኦዲት የበቃ ድርጅት ደግሞ ሌላ ለጋሽ ዘንድ መቅረብ ይችላል።

ለዘመድ ያደላሉ፣ ለራሳቸው ሃይማኖት ብቻ ይሰጣሉ የሚል ስጋትም ይነሣል። ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱም ድምፁ በምሥጢር እንዲሰጥ ማድረግ፣ ዝምድና ያላት ከድምፁ እንድትወጣ በደንቡ መጻፍና ማኅበራት ተባብረው እንዲወስኑ ማድረግ ነው። መንግሥት ግዴታውን ይዘነጋል ለሚሉ ደግሞ የምለው፣ የአንድን ትምህርት ቤት ወይም የአረጋውያን ቤት ጉድለት በገንዘቧ ተከታትላ የምታውቅ ሴት በወረዳው ስብሰባ ላይ ተነሥታ ስትናገር ማስረጃ በእጇ አለ ነው።

ከእናንተ የሚጠበቀው ምንድን ነው? ታሪካችን አንድ ነገር ያስጠነቅቀናል። እ.ኤ.አ. በ1935፣ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ፣ በቤተ መንግሥቱ ጥላ ሥር የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ የቆመው ግን በመኳንንቱ ቤት ሴቶች ላይ ነበር፣ ሥርዓቱ ሲወድቅ ቦታውን በመንግሥት የተዋቀረ ማኅበር ወሰደው። ከላይ የተሠራ ከላይ ይፈርሳል። ስለዚህ እባካችሁ ቅጽ ይዛችሁ ሄዳችሁ አዲስ ማኅበር አትመሥርቱ። ያለውን ማኅበር ፈልጉ፣ ተጋብዛችሁ ግቡ፣ ሴቶቹ ከጠየቋችሁ መዝገብ አያያዝ አስተምሩ፣ የትኛው ድርጅት በሕግ እንደተመዘገበ አጣርታችሁ ንገሯቸው፣ ለማን ይሰጥ በሚለው ላይ ግን ዝም በሉ። ጊዜውንም አስተውሉ። በነሐሴ የሰው ጎተራ ባዶ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ስለ መዋጮ የሚያነሣ ሰው የሚያገኘው ቁጣ ነው። ሩዙ ተወቅቶ፣ ተፈልፍሎ፣ ለወረታ ነጋዴ ከተሸጠ በኋላ፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ገንዘቡ በእጅ ባለበት ወቅት ጉዳዩ ለማኅበሩ ይቅረብ፤ የተመረጠው ድርጅትም በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር ከሴቶቹ ፊት ቆሞ ያወጣውን በደረሰኝ ያስረዳ።